የበጎ ፈቃደኛው ዕዳ

በደመወዝ የሚያስተምር መምህር ከክፍል ቢቀር ደመወዙ ይቆረጣል። እድርተኛ ከቀብር ቢቀር ይቀጣል። ወታደር ከግንባር ቢቀር «ከዳ» ይባላል። በነጻ የሚያስተምር ሰው ቢቀርስ? ማን ይጠይቀዋል? በምን ሥልጣኑ?

ይህን ጥያቄ ቡናዬን ይዤ፣ እግሬን ሰቅዬ ያፈለቅሁት ቢሆን ደስ ባለኝ። አይደለም። የአንድ የካቶሊክ ሚስዮን ዘበኛ በር ላይ ያስታቀፈኝ ጥያቄ ነው። እሱም ቢሆን መጠየቁን አላወቀም። ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ዩኒቨርሲቲውን በተሰናበትኩ በዓመቱ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ድንገት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የት እንደምሄድ ጠፋኝ። ለጋዜጣ የምጽፈው ከሳምንቱ አንድ ሌሊት ነው የሚወስድብኝ። አንድ ሐኪም ወዳጄ ይህን አይቶ፣ «ለምን የኔን መነኮሳት እንግሊዝኛ አታስተምርልኝም?» አለኝ። በከተማው ዳር ባለ አንድ የካቶሊክ ደናግል ቤት በሳምንት አንድ ቀን በሽተኛ በነጻ ያያል። ቤቱ መንገድ ላይ የወደቁ በሽተኞችን፣ አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን፣ መጠጊያ የሌላቸው አራሶችን ይሰበስባል። ደናግሉ ሰባት ናቸው። ሁለቱ ከኮንጎ፣ አንዷ ከቬትናም፣ አንዷ ከሜክሲኮ፣ ሁለቱ የኛው የሀገር ልጆች፤ አለቃቸው ደግሞ ሰማንያን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን በከምባታና በጉራጌ ገጠር የጨረሱ ጣሊያናዊት እናት ናቸው።

እንግሊዝኛው ለምን አስፈለጋቸው? ከበሽተኛው ጋር የሚያወሩበትን አማርኛ ጠዋት ጠዋት ከሌላ መምህር ይማራሉ። እንግሊዝኛው ለወረቀት ነው። የመድኃኒቱ ማሸጊያ፣ ወደ ውጭ የሚላከው ሪፖርት፣ ከጉምሩክ የሚመጣው ደብዳቤ። ከአምስት አገር የመጡ ሴቶች ማታ ማታ እርስ በርስ የሚግባቡበት ቋንቋም ያስፈልጋል። ለሁለቱ የኛ ልጆች ደግሞ ነገሩ ከዚያም ያለፈ ነው። ወደ ነርስነት ትምህርት ሊገቡ ያስባሉ፤ በኛ አገር ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። (መንገደኛው ነርሷንም መነኩሲቷንም «ሲስተር» ብሎ ስለሚጠራ፣ እነሱ እየሳቁ «እኛ ግማሹን ማዕረግ ቀድመን አግኝተናል» ይላሉ።)

ወዲያው «እሺ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ገና ሳልጀምር ያልሰማ ዘመድ አልነበረም። በለቅሶ ቤት አወራሁት፣ በሠርግ አወራሁት። ባለቤቴ ነገሬን ስለምታውቀው፣ «የኮሪደሩ አምፖል ከተቃጠለ ወሩ ነው፤ ለቤትህም በጎ ፈቃደኛ ሁንለት» አለችኝ። አክስቴ ግን የምር ሰጉ። «ኧረ ልጄ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ ብለህ ሄደህ ካቶሊክ ሆነህ እንዳትመጣ!» አሉኝ። የአክስቴ ስጋት ከአክስቴ በብዙ ይበልጣል። ዐፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ሰበብ የፈሰሰውን ደም አይተው እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ከለቀቁበት ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስጋት ነው። ለአክስቴ ማረጋገጫ እንዲሆን ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ሃይማኖቴ የጠየቀኝ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ እንደሄድኩ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። የሼክስፒርን ሶኔት! በምግብ ቤታቸው ውስጥ፣ የላስቲክ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በረኪና በሚሸት አየር ውስጥ ቆሜ ስለ ዜማና ስለ ቤት አመታት አስረዳሁ። ሁሉም በትሕትና አዳመጡኝ። ሲያልቅ ሜክሲኳዊቷ ከቀሚሷ ኪስ አንዲት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት አውጥታ፣ «መምህር፣ ይቺንስ?» አለችኝ።

ከረጢቷ ላይ ያለው አራት መስመር ነው። ሙሉውን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉ፤ ወዘተ። ለካስ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ሙሉውን ከረጢት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ስትበጠብጥ ተደርሶባታል። ተቅማጥ ላደከመው ሕፃን ያን ያህል ጨው በአንድ ብርጭቆ መስጠት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪም ወዳጄ በኋላ ሲነግረኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሶኔቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መማሪያ መጽሐፋችን የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የጉምሩክ ቅጽና የክትባት ካርድ ሆነ። ያለኝን ልሰጥ ሄጄ የሚያስፈልጋቸውን መፈለግ እንዳለብኝ ተማርኩ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቶሎ በማግኘቴ ለራሴ ጥሩ ማርክ ሰጠሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ለራሱ ማርክ የሚሰጥ መምህር ፈተናው ገና መሆኑን ይረሳል።

ደስ የሚሉ ወራት ነበሩ። ቬትናማዊቷ የቃላቱን መጨረሻ ትውጣለች፤ በቋንቋዋ የቃል መጨረሻ እንደ እንግሊዝኛው ተጠንቅቆ አይመታም። ኮንጓውያኑ ከፈረንሳይኛ የመጡ ስለሆኑ «ሀ» አይሆንላቸውም። በእንግሊዝኛ የተራበ ሰው «ሀንግሪ»፣ የተቆጣ ሰው «አንግሪ» ነው። አንደኛዋ ስለ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ስታወራ፣ «ጠዋት ጠዋት አንግሪ ነው፤ ሾርባ ስንሰጠው ይተወዋል» አለች። ላርማት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። የትኛውን ማለቷ እንደሆነ ጠፋኝ፤ ደግሞም ሁለቱም እውነት ነበሩ።

አራት ወር እንዲህ ሄድን። በአምስተኛው ወር አንድ ሥራ መጣልኝ። አንድ ድርጅት ረዥም ሰነድ እንዳርምለት ፈለገ፤ ክፍያው በቀን ነው፤ ጥሩ ነው። ኑሮው እንደምታውቁት ነው፤ ገንዘቡ አላስፈለገኝም ብል ዋሽቼ ነው። የመጀመሪያውን ማክሰኞ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ ቀረሁ። ሐሙሱንም ደውዬ ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት መደወሉ አሳፈረኝና ሳልደውል ቀረሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስላልደወልኩ መደወሉ ይበልጥ አሳፈረኝ። ይቺን አካሄድ የማያውቃት አለ? ይሉኝታ መጀመሪያ ሰውን ጨዋ ታደርጋለች፤ ስታድር ታስቀራለች። አምስት ሳምንት ሞላኝ። ማንም አልደወለልኝም። እኔም ውስጥ ውስጡን እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናው ነበር፤ «ምን አለ? በነጻ ነው።»

ሥራው አለቀ፤ ተከፈለኝ። ከክፍያው ላይ ሰባት ያገለገሉ መዝገበ ቃላት ገዝቼ በካርቶን ይዤ ሄድኩ። (ጥፋተኛ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።) ዘበኛው በሩን ከፍቶ፣ ካርቶኑን ተቀብሎኝ፣ ደስ ብሎት ሰላም አለኝ። እግረ መንገዱንም እንዲህ አለ፤ «ጋሼ እንኳን መጡ። ማክሰኞና ሐሙስ በመጣ ቁጥር ወንበርዎን ያወጡ ነበር። ማታ እኔ ነኝ የማስገባው።»

ሌላ ምንም አላለም። ነቀፌታ አልነበረበትም። አንድ ሰው ለሌላ ሰው የሚነግረው ተራ ወሬ ነው።

ገባሁ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። ስድስቱም በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ የዕለቱ ቀን በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ቬትናማዊቷ ከሁለት ወር በፊት ያስተማርኳቸውን የክትባት ካርድ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌሎቹ ያርሟታል፤ ስህተቱን በስህተት እያረሙ። አሮጊቷ አለቃ እንደ ልማዳቸው ጥግ ላይ ተቀምጠው የሕፃናት ልብስ ይጠግናሉ። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ አሥር ቀን፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ፊት ባዶ ወንበር አለ።

አሮጊቷ መርፌያቸውን ሳይጥሉ ቀና ብለው፣ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። አሞህ ነበር? ጸልየንልህ ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር» አልኩ።

ውሸት ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ተማሪዎቼን ከሌላ ሰው አንድ አንቀጽ ገለበጣችሁ ብዬ የጣልኩ ሰው ነኝ። ለሰማንያ ዓመት መነኩሲት ያለ ምንም ችግር ዋሸሁ። ለምን ዋሸሁ? ማንም ሊቀጣኝ አልቻለም እኮ! «የሚከፈል ሥራ አግኝቼ ነው» ብል ማን ምን ይለኝ ነበር? አሁን ሲገባኝ፣ የዋሸሁት ለዚያው ነው። ውስጤ ዕዳ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ አፌ ብቻ ነው «በነጻ ነው» ሲል የከረመው። ዕዳ የሌለበት ሰው አይዋሽም።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ከሁለቱ የኛ ልጆች ታናሿ በነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ ለነርስነት ትምህርት የመግቢያ ፈተና ተፈትና ነበር። አላለፈችም። ሌላው ሁሉ ተሳክቶላታል፤ የጎደለባት እንግሊዝኛው ነው። በእኔ ምክንያት ነው ለማለት አልችልም፤ በአሥር ክፍለ ጊዜ ተአምር አይሠራም። አይደለም ለማለትም አልችልም፤ የጎደላት ትንሽ ነው። ለምን ደውላ እንዳልጠየቀችኝ ስጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «መምህር፣ በነጻ ነው የሚመጡልን። በነጻ ለሚመጣ ሰው ለምን ቀሩ ይባላል እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ራሴን ያጽናናሁበትን ቃል እሷ እንደ ቁልፍ አፏ ላይ አድርጋዋለች። «በነጻ» የሚለው አንድ ቃል ለእኔ ነጻነት፣ ለእሷ ዝምታ ሆነ። ልብ በሉ፤ ብትከፍለኝ ኖሮ ልትጮህብኝ ትችል ነበር። ሃምሳ ብር እንኳ ብትከፍለኝ ሃምሳ ብር የሚያህል አንደበት ይኖራት ነበር።

እድሩንና ደቦውን እዩት። አባቶቻችን ዛሬ «በጎ ፈቃድ» የምንለውን ሥራ አጥተውት አያውቁም። ወንፈል ወጥተው የጎረቤት አዝመራ አጭደዋል፤ ሬሳ ተሸክመዋል፤ ቤት አቁመዋል። ነገር ግን ወንፈል የወጣህለት ሰው ለአንተም ይወጣል፤ ቀርተህበት ከሆነ ያስታውስልሃል። እድሩ ስም ይጠራል፣ ይቀጣል። እዚያ ውስጥ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ነገር አለው። የኔ ዓይነቱ ስጦታ ግን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ ላይ የሚመለሰው ምስጋና ብቻ ነው። ወቀሳ መንገድ የለውም።

ኢቫን ኢሊች የተባለ ራሱ ካቶሊክ ቄስ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ውስጥ ድሃ ሊረዱ ለመጡ አሜሪካውያን ወጣቶች ንግግር አድርጎ ነበር። የንግግሩ ርዕስ በአማርኛ «በጎ ሐሳብ ገደል ይግባ» ቢባል ይስማማዋል። ብዙውን ነገር አክርሮታል እል ነበር፤ ክፍል ውስጥም እንዲህ ብዬ አስተምሬበታለሁ። አንዱን ነጥቡን ግን አሁን ነው ያነበብኩት ማለት ይቻላል። ድሃን መርዳት ካልቀረላችሁ፣ ቢያንስ «ሂድልኝ» ሊላችሁ ከሚችል ድሃ ጋር ሥሩ ነው የሚለው። እኔ የሄድኩት ግን «ሂድልኝ» ቀርቶ «የት ጠፋህ» ሊሉኝ ወደማይችሉ ሰዎች ነበር። ለምን ደስ እንዳለኝ አሁን ይገባኛል።

በተቃራኒው ሴኔካን የሚጠቅስ አይጠፋም። የጥንቱ የሮማ ፈላስፋ ስለ ውለታ በጻፈው መጽሐፉ የስጦታ ዋጋ በዕቃው ሳይሆን በሰጪው ሐሳብ ነው የሚለካው ይላል። ያምራል። ለሰጪው በጣም ያምራል። ወንበሩን አምስት ሳምንት ሙሉ ላወጣና ላስገባ ዘበኛ ግን ሐሳቤ ምን ያደርግለታል? ካንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ልቡ ሳይነሳሳ፣ ግዴታዬ ነው ብሎ ብቻ የሚረዳውን ሰው ከለጋሱ ስሜተኛ ያስበልጠዋል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ይቃወሙ ነበር፤ «ያለ ፍቅር የተደረገ ነገር ምን ዋጋ አለው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ልቤ ከነሱ ጋር ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከጎኗ ተቀምጬ አያለሁ። ያስተማራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ጢሙ እንኳ ያልበቀለ ልጅ። በጎ ፈቃደኛ አልነበረም። ዝመት ተባለ፣ ዘመተ። የቀበሌው ሰው በመዝገብ ስም ይጠራል፤ የተማሪውንም የመምህሩንም። ያ ልጅ ሲያስተምር ፈገግ ሲል አላየሁትም። ነገር ግን በዚያ የክረምት ዝናብ፣ ላስቲክ ተከናንቦ፣ ጭቃውን እየረገጠ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን አልቀረም። ለዘመቻው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 ሽልማት ሰጥቶበታል፤ ለኔ ግን ሽልማቱ እናቴ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ በአውራ ጣቷ ፈንታ ስሟን የጻፈችበት ቀን ነው። አራቱን ፊደል ለመጻፍ ረዥም ጊዜ ወሰደባት። እስክትጨርስ አልተነፈስኩም።

እንግዲህ ተገዶ የመጣው መምህር ነበረ፤ ወዶ የመጣው መምህር አልነበረም። የትኛው ይበልጣል?

ግዳጅን ላወድስ አይደለም። ያ ዘመን በግዳጅ ምን ምን እንዳሠራ የምናውቅ ሰዎች ነን፤ እናቴም አራስ ልጅ ታቅፋ በግድ የተቀመጠችባቸው ምሽቶች ነበሩ። ነገር ግን ልጁን ከእኔ የለየው ጅራፉ ይመስለኝ ነበር፤ ሳስበው ጅራፉ ብቻ አይደለም። ስሙ የተጻፈበት መዝገብ ነበረ። ቢቀር የሚታወቅበት ቦታ ነበረው።

ወዶ መግባት ከመዝገብ ጋር አይጣላም። አባቶቻችን «ወዶ ዘማች» የሚሉት ማንም ሳያስገድደው ጦር የሚወጣውን ነው። ወዶ ዘምቶ ውጊያ መሃል ወደ ቤቱ የተመለሰውን ግን ማን ወዶ ተመላሽ ይለዋል? ከዳተኛ ነው የሚባል። ታላላቅ ወንድሞቻችንን እንግሊዝኛ ያስተማሯቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓዶችም በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ግን ሁለት ዓመት ብለው ተስማምተው ነው የመጡት። ፈቃድ በር ነው። በበሩ መግባትና አለመግባት የኔ ነው። ከገቡ በኋላ ግን ቤቱ የፈቃድ ቤት አይደለም፤ የቃል ቤት ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን «እሺ» ስል ቃል የሰጠሁ አልመሰለኝም፤ ስጦታ የሰጠሁ ነው የመሰለኝ። ለዚህ ነገር ጥሩ አማርኛ አለን። ወረት ይባላል።

ይህን የሚያስተምረኝ ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ፊቴ ተቀምጠው የነበሩት ስድስት ሴቶችና ጥግ ላይ የሚጠግኑት አሮጊት ናቸው። አንዳቸውም ተገደው አልመጡም። በቤተ ክርስቲያናቸው ሕግ መሠረት ቢያንስ አንድ ዓመት በተመክሮ ይቆያሉ፤ ከዚያ ለጊዜው የሚጸና መሐላ ይገባሉ፤ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ ነው የዘላለሙ መሐላ የሚመጣው። ደጋግመው «እርግጠኛ ነሽ?» ይባላሉ። ወደው ገብተው፣ ወደው ታስረዋል። ደመወዝ የላቸውም። ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚያለቅሰውን ሕፃን «በነጻ ነው የማሳድገው፤ ዛሬ አልነሳም» ብላ የተወች አላየሁም። እኔ እነሱን ቋንቋ ላስተምር ስሄድ እነሱ በጎ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ከነሰዋስዉ ይኖሩት ነበር።

ማዘር ቴሬዛን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ የማኅበሯ እህቶች እኛም አገር ብዙ ወዳቂ አንስተዋል። ከስኮፕዬ የወጣችው ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1928፣ ወደ ህንድ ከመሄዷ በፊት አየርላንድ ደብሊን አጠገብ ባለ የሎሬቶ ደናግል ገዳም እንግሊዝኛ ተምራ ነበር። ስንት ጊዜ? ወደ ስድስት ሳምንት ገደማ ብቻ። በቀጣዩ ጥር ካልካታ ነበረች። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ይቺን ስሌት ሠራሁ፤ ያኔ ያስተማራት ሰው እንደኔ አምስት ሳምንት ቢቀር ኖሮ የሚተርፋት አንድ ሳምንት ነበር።

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው ተቆጣ። «አንተ ሰው፣ እንዲህ እያልክ በጎ ፈቃደኛ አታስበርግግ! ከነጭራሹ ከሚቀር ግማሹ ይሻላል። አራት ወር አስተምረሃል፤ እሱስ አይቆጠርም?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔም ልደገፍበት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን በኋላ አንድ ነገር ሰማሁ። በሄድኩባቸው በነዚያ ሳምንታት አንዲት ገና የተመረቀች ልጅ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ወደ ቤቱ መጥታ ነበር። አሮጊቷ አመስግነው መለሷት። «መምህር አለን» ብለው።

ግማሽ ከምንም የሚሻለው ወንበሩ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ነው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ይዤው ነበር። የማይመጣ በጎ ፈቃደኛ ምንም አልሰጠም ብቻ አይባልም፤ የሌላውንም ስጦታ በር ላይ ይመልሳል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከትምህርት በፊት ወደ አሮጊቷ ሄጄ፣ «እናቴ፣ አሞኝ አልነበረም» አልኳቸው። ምን ስሠራ እንደነበር፣ ስንት እንደተከፈለኝ ሁሉ ተናገርኩ። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና አዩኝ። «ገንዘቡ ያስፈልግህ ነበር?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ይህን ብትለን እኮ ቀኑን እንቀይር ነበር» አሉና ወደ ልብሳቸው ተመለሱ። እንዲህ ቀላል ነበር። ሐቁን ብነግራቸው የሚከፈለኝን ሥራም አላጣም፣ እነሱም መምህር አያጡም ነበር። ያስቀረኝ ገንዘቡ አይደለም። ለማንም መልስ መስጠት የለብኝም የሚለው ሐሳብ ነው።

ከዚያ ክፍል ገብቼ አንድ ደብተር አወጣሁ። የሁላቸውንም ስም ጻፍኩ፤ ከታች የራሴን። ያለፈውን አምስት ሳምንት በስሜ ትይዩ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» ብዬ ሞላሁ። ከእንግዲህ የምትይዘው ቬትናማዊቷ ናት፤ ከሁሉም ጠንቃቃ እሷ ናት። እንደ እድሩም ቅጣት አበጀን። ያለ ምክንያት የቀረ አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ያረፈደ አንድ ሳሙና። መጀመሪያ ተሳቀቁ፤ «መምህርን እንዴት እንቀጣለን?» አሉ። ታናሿ ልጅ ግን፣ ፈተናውን የወደቀችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሳሙናው የልብስ ነው የገላ?» አለች። የልብስ እንዲሆን ተስማማን። ለሚመጣው ዓመት እንደገና ትፈተናለች። ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትመጣለች፤ እኔም እንደዚያው።

ባለፈው ሐሙስ ያ የምታውቁት ዝናብ ዘነበ። ታክሲ ጠፋ፤ ከአደባባዩ ጀምሮ በእግሬ ሄድኩ፤ ጫማዬ ጭቃ ሆነ። ስደርስ ዘበኛው ጃንጥላ ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍጃለሁ። ስለ ዝናቡ ላስረዳ ስጀምር ቬትናማዊቷ ደብተሩን ገልጣ ጽፋው አገኘኋት።

ሳሙናውን ዛሬ ይዤላቸው እሄዳለሁ።